ልጃችን «ፕሌጅ ነኝ» ሲለን

በማኅበራችን የነሐሴ ስብሰባ ላይ በወጣቶች ኮሚቴ ስም የቀረበ ንግግር

ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ሦስት የኮሚቴ አባላት ነን። አንዳችን ብታነበውም የሦስታችንም ቃል ነው። ሦስታችንም ኮሌጅ ያለ ወይም ዘንድሮ የሚገባ ወንድ ልጅ አለን። ስለዚህ ባለሙያ ነን ብለን አልመጣንም፤ ያነበብነውንና የደረሰብንን ይዘን ነው የመጣነው።

ባለፈው ዲሴምበር በዚሁ አዳራሽ የዓመቱን መዝጊያ ግብዣ ስናደርግ አንድ ወጣት የግሪክ ፊደላት የተጠለፉበት ጃኬት ለብሶ ገባ። እናቱ ከመካከላችን ናት፤ ታሪኩን እንድንናገር ፈቅዳልናለች፤ ልጁም ፈቅዷል፤ ስማቸውንና የትምህርት ቤቱን ስም ግን አንጠራም። ልጁ ኮሌጅ በገባ በሁለተኛ ዓመቱ ፍራተርኒቲ ውስጥ አባል ሆኗል ተባለና እልል አልንለት። ትዝ ይላችኋል። እየተሻማን ፎቶ ተነሣን። ከመካከላችን «የኔንም ልጅ እንዲህ ያድርግልኝ» ያለች አለች፤ ያለችው ከሦስታችን አንዷ ናት።

በጃንዋሪ እናቱ ከፖስታ ሣጥኗ የኢንሹራንስ ደብዳቤ አወጣች። እነዚያን «ይህ ቢል አይደለም» የሚሉትን ወረቀቶች ሁላችንም ሳናነብ እንደምንጥላቸው ታውቃላችሁ። እሷ አነበበችው። ልጇ በኦክቶበር ወር ሁለት ሌሊት ሆስፒታል ተኝቷል ይላል። ስሕተት ነው ብላ ደወለች፤ ስሙም የልደት ቀኑም የሱ ነው። ልጁ 18 ዓመት ስላለፈው ያለ ፈቃዱ ሆስፒታሉም ኮሌጁም ለእናቱ የመንገር ግዴታ የለባቸውም። በዚያ ወር ውስጥ ግን በየእሑዱ በስልክ አግኝታዋለች። በየእሑዱም «ደህና ነኝ እማዬ» ብሏታል።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ያወጣላት በአንድ ቀን አይደለም፤ ሳምንታት ፈጅቷል። አዲስ ገቢዎቹን፣ «ፕሌጅ» የሚሏቸውን፣ ሌሊት ሌሊት በቴክስት እየጠሩ አንድ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ያስገቧቸዋል። ፑሽ አፕና ቁጭ ብድግ እስኪወድቁ ድረስ ያሠሯቸዋል፤ «ፓድል» በሚሉት ጠፍጣፋ እንጨት ይመቷቸዋል። ስልካቸውን ይቀበሏቸዋል። አንድ ቀን ጠዋት ሽንቱ የቡና አተላ መስሎ ወጣ። ለማንም አልተናገረም። ደረጃ መውጣት ሲያቅተው ያየው አብሮት የሚኖረው ልጅ ጎትቶ ሆስፒታል ወሰደው። ሐኪሞቹ ጡንቻው ከመጠን በላይ ተጎድቶ እየፈረሰ ወደ ደሙ እንደገባና ኩላሊቱን ሊያበላሸው እንደሚችል ነገሩት። ምን ሆነህ ነው ሲሉት «ጂም ስሠራ» አላቸው። በግሉኮስ ሁለት ሌሊት ታጥቦ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ወደዚያው ምድር ቤት ተመለሰ።

«ለምን ተመለስክ?» ብላ ስትጠይቀው የሰጣት መልስ «ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶት ነበር» የሚል ነው።

እናቱ ለኛ ያለችን ይህን ነው፦ «መመታቱ አሞኛል። የበለጠ ያመመኝ ግን በዲሴምበር እናንተ እልል ስትሉ እኔም አብሬ እልል ማለቴ ነው።» እኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ነገር አላስተኛንም። ለዚህ ነው ዛሬ የኮሌጅ ማመልከቻና የስኮላርሺፕ ጉዳያችንን ትተን ይህን ይዘን የቀረብነው።

ነገሩ «ሄዚንግ» ይባላል። አንድን ሰው ወደ ቡድን ለማስገባት ወይም በቡድኑ ውስጥ ለማቆየት ተብሎ ማዋረድ፣ ማሰቃየት፣ ከመጠን በላይ ማጠጣት፣ እንቅልፍ መከልከል፣ መምታት ማለት ነው። በሴቶቹም ማኅበር፣ በሶሮሪቲ፣ አለ፤ በስፖርት ቡድንና በማርሽ ባንድም አለ። ስለዚህ ሴት ልጅ ብቻ ያላችሁ «ይህ እኔን አይመለከተኝም» ብላችሁ ወደ ቡናው እንዳትሄዱ።

እኛ ማኅበር የምናውቅ ሰዎች ነን። ጽዋ ማኅበር የሚገባ ሰው ዳቦውን ቆርሶ፣ ጠላውን ቀምሶ ነው የሚገባው። ዕድር የሚገባ መግቢያውን ይከፍላል። ዕቁብ የሚወስድ ዋስ ይጠራል። ይህን ማኅበር ስንመሠርት አዲስ የመጣችውን እህት ያደረግናት ነገር ቢኖር ሁለት ጊዜ እንጀራ መጨመር ነው። «ብሉ እንጂ» እያልን ማስጨነቃችን ካልተቆጠረብን በስተቀር ማንንም አሰቃይተን አላስገባንም። እርግጥ ነው አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የገባን «ፍሬሽ» እየተባልን የተሣቀብን አለን፤ ካፌ የት ነው ብለን ጠይቀን ወደ ላይብረሪ የላኩን። ከዚያ የከፋ ያየም ይኖራል። ለዚህ ይመስለናል ልጆቻችን ትንሽ ትንሹን ሲነግሩን «እኛም አልፈንበታል» ብለን የምንሥቀው። እነሱ የሚያልፉበት ግን ሌላ ነው።

ፍራተርኒቲ ሁሉ ክፉ ነው ለማለት አልተነሣንም። እዚሁ ዲሲ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጥቁር አሜሪካውያን ሌላው በር ሲዘጋባቸው የራሳቸውን ማኅበር መሥርተዋል፤ አልፋ ካፓ አልፋ በ1908፣ ኦሜጋ ሳይ ፋይ በ1911፣ ዴልታ ሲግማ ቴታ በ1913። ከነዚህ ማኅበራት ስንት ዳኛ፣ ስንት ሐኪም፣ ስንት የሕዝብ ተመራጭ እንደወጣ ይታወቃል። ልጆቻችን በዚያ ውስጥ የሚፈልጉት ነገር እውነተኛ ነው። በየትምህርት ቤቱ ብቻቸውን የኛ ልጅ ሆነው ያደጉ ናቸው፤ «ወንድሜ» የሚላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ችግሩን የከፋ ያደረገውም ይኸው ነው፤ የሚያሰቃያቸው ሰው ወንድም ሊሆናቸው የሚመኙት ሰው ነው።

እንዴት እንደሚገድል ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። መንገዱ በብዛት ሁለት ነው፤ መጠጥና ዱላ።

በፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቲሞቲ ፒያዛ የሚባል የ19 ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2017 ማታ ቤታ ቴታ ፓይ የሚባለው ፍራተርኒቲ አዲስ ገቢዎችን በሰልፍ እያዞረ አጠጣቸው። ዐቃቤ ሕግ እንዳቀረበው ልጁ በ82 ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ 18 መጠጥ ተሰጥቶታል። ከዚያ በምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ተንከባሎ ወደቀ። ቤቱ ውስጥ ካሜራ ስለነበር ከሆነው አብዛኛው ተቀርጿል። አንሥተው ሶፋ ላይ አስተኙት። በጀርባው ተገልብጦ ትውከቱ እንዳያንቀው መጽሐፍ የታጨቀበት ቦርሳ አሸከሙት። እዚህ ላይ ቆም በሉ እህቶቻችን፤ ሊያንቀው እንደሚችል ያውቁ ነበር ማለት ነው። አንድ የአንደኛ ዓመት ልጅ «ሐኪም ቤት መሄድ አለበት» ብሎ ቢጮህ ገፈተሩት። 911 የተደወለው በማግሥቱ ረፋድ ላይ፣ ከወደቀ 12 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ነው። ፌብሩዋሪ 4 ቀን ሞተ።

ከኛ ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት ያህል ብንነዳ ሪችመንድ ነው። አዳም ኦክስ የሚባል ከዚሁ ከሰሜን ቨርጂኒያ የሄደ የ19 ዓመት ልጅ በፌብሩዋሪ 2021 በቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ ዴልታ ካይ ሊገባ ሄደ። «ቢግ ብራዘር» የሚባለው፣ ማለትም ታላቅ ወንድም ሆኖ የሚመደብለት ልጅ፣ በሚታወቅበት ሌሊት ትልቅ የውስኪ ጠርሙስ ሰጥተው ጠጣ አሉት። በማግሥቱ ሞቶ ተገኘ። ዩኒቨርሲቲው ያንን ፍራተርኒቲ ለዘለቄታው ዘጋው፤ ቨርጂኒያም በ2022 በልጁ ስም ሕግ አወጣች። በዚያው በ2021 ኦክቶበር ሚዙሪ ውስጥ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ እንዲሁ ጠርሙስ ቮድካ ተሰጥቶት ልቡ ቆመ። ከሞት ተርፏል፤ ግን ማየት፣ መሄድና መናገር ተስኖታል።

«ቢግ ብራዘር ናይት» የሚለውን ስም ያዙት። እጅግ አደገኛ ሌሊት ነው። ልጁ የሚጠጣው ጠላቱ አስገድዶት ሳይሆን ስጦታ ተቀብሎ ነው። እኛ ደግሞ ታላቅ ሲሰጥ ተቀበል ብለን ነው ያሳደግነው።

ሁለተኛው መንገድ ዱላ ነው። ጥቁሮቹ ማኅበራት በ1990 የፕሌጅን ሥርዓት በይፋ ሽረውታል። በወረቀት ላይ ዛሬ ፕሌጅ የሚባል ነገር የለም። ነገሩ ግን አልጠፋም፤ ወደ ምድር ቤት ወረደ። በፌብሩዋሪ 2025 በባተን ሩዥ አንድ የ20 ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪና የባንድ ተጫዋች ሞተ። ፖሊስ እንዳለው አዲስ ገቢዎቹ በአንድ መጋዘን ውስጥ በቦክስ ጓንት ደረታቸውን ሲመቱ ነበር። ልጁን ሆስፒታል ያደረሱት ሰዎች ፓርክ ውስጥ ኳስ ሲጫወት ተጎዳ ብለው ሄዱ። ይህን የምንነግራችሁ አንዳንዶቻችን «ልጄ መጠጥ አይቀምስም» ብለን ስለምንጽናና ነው። የእህታችንም ልጅ አይጠጣም።

ጉዳዩ ጥቂት ብልሹ ልጆች ብቻ ያመጡት አይደለም። በሜይን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች በ2008 ባወጡት አገር አቀፍ ጥናት በክበብ፣ በቡድንና በማኅበር ከሚሳተፉ የኮሌጅ ተማሪዎች 55 በመቶው ሄዚንግ ሊባል የሚገባ ነገር ደርሶባቸዋል። የደረሰባቸው ነገር ሄዚንግ መሆኑን ራሳቸው ካመኑትም 95 በመቶው ለባለሥልጣን አላመለከቱም። ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው እኛን የሚመለከተን። ለኮሌጁ የማይናገር ልጅ ለእናቱ ይናገር ይሆናል፤ አፉን የዘጋነው እኛ ካልሆንን።

ዘግተነዋል ወይ? እኛ ሦስታችን ራሳችንን ጠይቀን ነበር። ልጁ ሲወድቅ «አይዞህ ቻለው፣ ወንድ ልጅ ነህ» ብለናል። ትምህርት ሲከብደው «እኔ ሁለት ሥራ እየሠራሁ አንተ ይህን አቃተኝ ትላለህ?» ብለናል። ከሁሉ በላይ «ሰው ፊት እንዳታሳፍረን» ብለናል። በክፋት አልነበረም፤ በዚህ አገር ተንቆ እንዳይቀር ብለን ነው። ግን ጃኬት የለበሰው ልጅ ለእናቱ «ብነግርሽ ከማኅበሩ እናቶች ፊት የምታፍሪ መሰለኝ» ብሏታል። ከኛ ፊት ማለቱ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሄዚንግ በዱላ አይጀምርም። መጀመሪያ «ለታላላቆቹ ምግብ ግዛ፣ በመኪናህ አድርሳቸው፣ ቤት ጥረግ» ነው። ይህ ለኛ ነውር አይመስለንም፤ ታናሽ ታላቁን ቢታዘዝ ጨዋነት ነው እንላለን። ቀጥሎ እንቅልፍ ይከለከላል። ቀጥሎ «ለማንም አትናገር» ይባላል። በየደረጃው የከፈለው ዋጋ ስላለ መተው እየከበደው ይሄዳል። ስለዚህ ጥያቄያችን «እየመቱህ ነው?» ከሆነ ልጁ በመጀመሪያው ወር በእውነት «አይደለም» ይለናል። እኛ አሁን የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ «ለኔ እንዳትነግረኝ የተባልከው ነገር አለ?» አዎ ካለ ምን እንደሆነ እንኳ ባይነግረን በቂ ነው። ልጅን ከእናቱ የሚያስደብቅ ማኅበር ምን ዓይነት ማኅበር እንደሆነ እሱም ያውቃል።

ምልክቱ ደግሞ በብዛት የሚታየው ስልክ ላይ ነው። በሌሊት የሚጠራ፣ ስታወሩት የሚያንሾካሹክ፣ ገንዘብ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅበት፣ ውጤቱ በአንዴ የወረደ ልጅ። ለታንክስጊቪንግ ቤት ሲመጣ መቀመጥ የሚያመው ልጅ። ሽንቱ ከጠቆረ በዚያው ሰዓት ኢመርጀንሲ ነው፤ ውኃ ጠጣ ብሎ ማሳደር የለም።

አሁን ዋናውን እንናገር። እዚህ ያላችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ ለልጆቻችሁ ይህን አንድ ነገር ብቻ ብትነግሩልን ሌላውን ብትረሱትም አንቀየማችሁም። ሰክሮ የወደቀን ሰው «ተኝቶ ይለፍለት» ማለት የለም። ሰው መጠጣት ካቆመ በኋላም ሆዱ ውስጥ ያለው አልኮል ወደ ደሙ መግባቱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ ተኝቶ እያለ ይብስበታል። ሲጠሩትና ሲነቀንቁት ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም በሁለት ትንፋሽ መካከል 10 ሴኮንድ ካለፈ፣ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ ተኝቶ ካስመለሰው፣ 911 ነው። የቆዳ ቀለም ለውጥ በኛ ልጆች ላይ ቶሎ ስለማይለይ ከንፈሩን፣ ድዱንና ጥፍሩን ማየት ነው። ቡናና ቀዝቃዛ ሻወር አያድኑትም። እስኪመጡ ድረስ በጎኑ አስተኝቶ አጠገቡ መቆየት፤ ብቻውን ትቶ መሄድ የለም። በመኪና እናድርሰው ብለው ጊዜ እንዳያጠፉም ንገሯቸው።

«እኔም ጠጥቻለሁ፤ ፖሊስ ቢመጣስ?» ይላሉ። ሜሪላንድን፣ ቨርጂኒያንና ዲሲን ጨምሮ በብዙ ስቴቶች ሰው ለማዳን የደወለን ልጅ ራሱ በመጠጣቱ እንዳይቀጣ የሚከላከል ሕግ አለ። «ፈቅዶ ነው የገባው» የሚለውም መከራከሪያ ሁልጊዜ አይሠራም፤ በሜሪላንድ ሕግ የተጎጂው መፍቀድ ሄዚንግ የፈጸመን ሰው አያድንም። ለልጃችሁ ይህን ስትነግሩት አንድ ነገር ጨምሩበት፤ ነገ እሱ ራሱ ታላቅ ሆኖ አዲስ ገቢ ይቀበላል። የተጎዳ ልጅ እንዳለን ሁሉ የጎዳ ልጅም ሊኖረን ይችላል። ይህን ማሰብ ለኛም ከብዶን ነበር።

ሕጉ በቅርቡ ጥሩ ነገር አምጥቶልናል። በዲሴምበር 2024 ፕሬዚዳንት ባይደን የኮሌጅ ሄዚንግን የሚመለከት የፌዴራል ሕግ ፈርመዋል። የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ ኮሌጆች ሄዚንግ ፈጽመው ጥፋተኛ የተባሉ ማኅበራትን በስም የሚዘረዝር ሪፖርት ለሕዝብ ማውጣትና ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ ማደስ አለባቸው። ልጃችሁ የማኅበሩን ስም ሲነግራችሁ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ሪፖርቱን ፈልጉ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ኮሚቴው ያግዛል። ስሙ ባይገኝ ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ያልተያዘ ሊሆን ይችላል። በተረፈ ስም ሳይናገሩ መጠቆሚያ የሚሆን አገር አቀፍ ስልክ አለ፤ 888-668-4293። እኛ ለራሳችን በስልካችን መዝግበነዋል።

ደጋፊዎቻችን በጸደይ ባዛር ከሰጣችሁን ገንዘብ ላይ ወስደን አንዲት ትንሽ ካርድ አሳትመናል። በአንድ ጎን በአማርኛ ለእኛ፣ በሌላው በእንግሊዝኛ ለልጆቹ፣ አሁን የተናገርነው የመጠጥ መመረዝ ምልክትና ስልኮቹ አሉበት። ኪስ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ለጎረቤትም ውሰዱ። አበሻ ብቻ አይደለም ልጅ ያለው።

ካርዱ ላይ ያልጻፍነው፣ እያንዳንዳችን በአፋችን ለልጃችን ልንለው የተስማማንበት አንድ ቃል ደግሞ አለ፤ «በማንኛውም ሰዓት ደውልልኝ፤ በዚያ ሌሊት አልቆጣህም፤ እመጣለሁ።» ከመካከላችን አንዷ ይህን ስትል ልጇ ሥቆ «በማግሥቱስ?» አላት። «በማግሥቱ እናያለን» አለችው። ውሸት አልፈለገችም።

ጃኬት የለበሰው ልጅ አሁን ከዚያ ማኅበር ወጥቷል። ኩላሊቱ ደህና ነው፤ በየስድስት ወሩ ይመረመራል። ጃኬቱን ምን እንዳደረገው እናቱ አልጠየቀችውም። ዘንድሮ ኮሌጅ ከሚገቡት ልጆቻችን ጋር በሚመጣው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እዚሁ ፎቅ ላይ ባለው ክፍል ይቀመጣል። ያስቀመጠው ግዴታ አንድ ነው፤ እናት እንዳትገባ። ተስማምተናል። እኛ ታች ኩሽና ውስጥ ነን። ምግብ ስለምናዘጋጅ ልጁን የምትልክ እስከ ሐሙስ ድረስ ለኮሚቴው ታሳውቅ፤ ጾመኛ ካለም ይነገረን።